ስለ ሚኪሊላንድ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ስለ አዲስ አበባ ጉርብትና ታሪክ

የአዲስ አበባን ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያተኰሩት በቤተ መንግሥቱ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱና በአደባባዮቹ ላይ ነው። የከተማው ተራ ሰው በምን ዐይነት ቤት እንደ ኖረ፣ ከማንስ ጋር አጥር እንደ ተጋራ የሚለው ጥያቄ ግን ያን ያህል ትኩረት አላገኘም። በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በሚኪሊላንድ የጋራ መኖሪያ ሰፈር ካደረግነው ጉብኝት ተነሥተን ይህን ጥያቄ ለመመርመር እንሞክራለን። ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፦ በአዲስ አበባ በዕቅድ የተሠራ ሰፈር ሁሉ «ማን ከማን ጎን ይኑር?» ለሚለው ጥያቄ የየራሱን መልስ ሰጥቷል፤ ያም መልስ ከግንቡ ይልቅ የነዋሪውን ኑሮ ወስኗል።

፩. ስለ ቦታው

በአንድ ቅዳሜ ጧት ከስድስት ኪሎ ተነሥተን፣ በመርካቶ በኩል አሥራ ስምንት ማዞሪያን አልፈን ሚኪሊላንድ ደረስን። ኮልፌ ለብዙ ዘመን የከተማው ምዕራባዊ ዳርቻ ነበረ። የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር በዚያ ስለ ነበረ፣ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ. ም. ወታደራዊ ትምህርት የተማሩት በዚሁ በኮልፌ ነው። ኮልፌና ቀራንዮ ተጣምረው የአንድ ክፍለ ከተማ መጠሪያ የሆኑት ግን ከተማው በ1995 ዓ. ም. በዐሥር ክፍለ ከተሞች በተከፈለ ጊዜ ነው። ሚኪሊላንድ የተባለው በአሜሪካዊው የምክር ቤት አባል በሚኪ ሊላንድ ስም ሲሆን፣ እኒህ ሰው በነሐሴ 1981 ዓ. ም. ወደ ስደተኞች መጠለያ ሲጓዙ አውሮፕላናቸው በጋምቤላ አካባቢ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ ሞተዋል።

ሰፈሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው በቅድሚያ የሚገረመው በሕንፃዎቹ መመሳሰል ነው። ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያላቸው፣ በሲሚንቶ ብሎኬት የተገነቡ፣ ደረጃቸውና መተላለፊያቸው ለነፋስ የተገለጠ ሕንፃዎች በረድፍ ቆመዋል። ቤቱን ለይቶ የሚያሳውቀው በግንቡ ላይ የተጻፈው የብሎክ ቁጥር ብቻ ነው። እንግዳም ወደ ሰፈሩ ሲመጣ የሚጠይቀው የሰው ስም ሳይሆን ይህንኑ ቁጥር ነው።

፪. ሰፈር ከዕቅድ በፊትና በኋላ

የቀድሞው ሰፈር የሚጠራው ግን በሰው ስም ነበረ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ. ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ መኳንንቱ በተሰጣቸው ቦታ ላይ በየኮረብታው ሰፈሩ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩና ባለሙያው በጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆውን ሠራ። ደጃች ውቤ ሰፈርና ዘበኛ ሰፈር የመሳሰሉት ስሞች የዚህ አሰፋፈር ምስክሮች ናቸው። ስለዚህ ባለጠጋውና ድኻው ጎን ለጎን ኖሩ። ይህን ስንል የዚያን ዘመን ኑሮ ማሞገሳችን አይደለም፤ ጉርብትናው በእኩልነት ሳይሆን በጌትነትና በሎሌነት ላይ የቆመ ነበርና።

ለጥያቄው በዕቅድ መልስ የሰጡት ኢጣልያኖች ናቸው። ከተማውን በ1928 ዓ. ም. ከያዙ በኋላ ጉይዲና ቫሌ የተባሉት መሐንዲሶች ባወጡት ፕላን የነጩና የጥቁሩ መኖሪያ እንዲለያይ ተወሰነ። ስሙ የገነነው የሥነ ሕንፃ ሊቅ ለ ኮርቡዚዬም በዚያው ዘመን፣ ነባሩን ከተማ እንደሌለ የቈጠረ ንድፍ ለኢጣልያ መንግሥት አቅርቦ ነበር። ለአገሬው ሰው የተመደበው ከተማ በምዕራብ በኩል፣ ዛሬ አዲስ ከተማ በምንለው ስፍራ ሲሆን፣ መርካቶ የተባለው ገበያም የዚያ ዕቅድ ፍሬ ነው። ለመንግሥት ሹማምንቱ መኖሪያ የሚሠራው መሥሪያ ቤት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ስለ ነበረ፣ «ካዛ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፣ በሕዝቡ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ፖፖላሬ የሚለውም የሰፈር ስም ለኢጣልያውያን ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች የመጣ ነው። ከነጻነት በኋላ በእነዚህ ሰፈሮች ኢትዮጵያውያን ገቡባቸው፤ በዘር የመለያየቱ ሕግ ጠፋ፤ ስሙ ብቻ ቀረ።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ. ም. በታወጀው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ተከለከለ፤ የቤት መሥሪያ ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ኪራያቸው ከመቶ ብር የማይበልጥ ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች ድርጅት እጅ ገቡ። ተከራዩ ከባለቤት ግፊት ዳነ፤ ሆኖም በዚያች አነስተኛ ኪራይ ቤቱን ማደስ ስላልተቻለ ግድግዳው ዘመመ፣ ጣራው አፈሰሰ፤ ብዙ ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ መጋራቱን ቀጠለ። ጎረቤቱ ግን አልተበተነም። ልጅ በአባቱ የቀበሌ ቤት አደገ፤ እድሩም ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ።

፫. ዕጣው

ሦስተኛው መልስ የጋራ መኖሪያ ቤት ወይም ሕዝቡ እንደሚለው ኮንዶሚኒየም ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 በ1995 ዓ. ም. ወጣ፤ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር እርዳታ ገርጂ ላይ በ1996 ዓ. ም. ገደማ የሙከራ ቤቶች ተሠሩ፤ ከዚያም ሥራው ወደ መላው ከተማ ተስፋፋ። ጣሪያና ወለሉ አስቀድሞ ከተመረቱ ወጋግራዎችና ክፍት ብሎኬቶች እንዲሠራ በመደረጉ ሲሚንቶና ብረት ተቈጠበ፤ ብሎኬቱንም በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት የተደራጁ ወጣቶች አመረቱት። በ1997 ዓ. ም. የተመዘገበው ፈላጊ ከ450,000 በላይ ነበረ። ዕጣ የደረሰው ሰው ከዋጋው 20 በመቶ በቅድሚያ ይከፍል ነበረ፤ 80 በመቶውን ባንክ ያበድረው ነበረ። ከቤቶቹ 30 በመቶ ለሴቶች ተለይቶ እንዲወጣ መደረጉ፣ ስማቸው በኪራይ ደብተር ላይ እንኳ ላልነበረ ብዙ እናቶች የባለቤትነት ወረቀት አስገኝቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዕጣ ፊት አያይም፤ ዘርና ወገንም አይለይም። ከኢጣልያኖቹ ፕላን ጋር ስናስተያየው የዚህን ፍትሕ መመስከር ይገባናል። ነገር ግን ዕጣ የሚያውቀው አንድን ሰው ነው እንጂ ጎረቤቱን አያውቅም። በአንድ ቀበሌ አብረው ያረጁ ሁለት ቤተሰቦች አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ይደርሳቸዋል። የቤቱ ዋጋ የከበዳቸውም ቤታቸውን አከራይተው፣ በኪራዩ የባንክ ዕዳቸውን እየከፈሉ ሌላ ቦታ በርካሽ ይኖራሉ። ስለዚህ በአንድ ደረጃ ላይ ባለቤትና ተከራይ፣ የሚቆይና የሚሄድ ተቀላቅለው ይገኛሉ።

፬. ያየነውና የሰማነው

በአንደኛው ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሸምገል ያሉ እናት ቡና አፍልተው አስተናገዱን። ቀድሞ ይኖሩበት የነበረው የቀበሌ ቤት ሲፈርስ ወደዚህ መምጣታቸውን አጫወቱን። የራሳቸው መጸዳጃና የማያፈስ ጣራ ስላገኙ ያመሰግናሉ። የሚያማርሩት ውኃ ወደ ላይኛው ፎቅ በማይወጣበት ቀን ጀሪካን ተሸክመው ደረጃ መውጣታቸውን ነው። ከዚህም ይልቅ የከበዳቸው፣ በገቡበት ዓመት ታመው በተኙ ጊዜ የጠየቃቸው ሰው መጥፋቱ እንደ ሆነ ነገሩን። የቀድሞ እድራቸውን እስካሁን አልለቀቁም፤ በየወሩ ሁለት ታክሲ ይዘው ሄደው መዋጮአቸውን ይከፍላሉ።

ሆኖም ሰፈሩ እንደዚያው አልቀረም። በሕንፃዎቹ መካከል፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለበግ ማረጃ ተብሎ የታቀደ አነስተኛ ቤት አለ፤ ነዋሪው «ኮሙናል» ይለዋል። ገብተን ስናይ በአንደኛው ክፍል የእድር ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ተደርድሯል። የእድሩ ጸሐፊ መዝገባቸውን አሳዩን። መጀመሪያ ላይ እድሩ በአንድ ብሎክ ነዋሪዎች ብቻ ተመሥርቶ፣ በኋላ የአጎራባቾቹን ሕንፃዎች ሰዎች ጨምሯል። ትልቁ ክርክር ተከራይ አባል ይሁን ወይስ አይሁን የሚለው ነበር፤ «ሞት ባለቤትና ተከራይ አይለይም» ተብሎ ተከራይም ተፈቀደለት። በቀድሞው ሰፈር መርዶ የሚነገረው በጡሩምባ ነበረ፤ እዚህ ግን ከደረጃው ሥር በሚለጠፍ ወረቀትና በስልክ ነው። በመዝገቡ ላይ ከእያንዳንዱ አባል ስም ጎን የብሎክና የቤት ቁጥር ተጽፏል። የሕንፃው ቁጥር የሰው ስም አብሮት የተጻፈው በዚያ መዝገብ ላይ ነው።

፭. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ መሐንዲሱ ቤትን ይሠራል፤ ሰፈርን የሚሠራው ግን ነዋሪው ነው፤ ለዚህም ዓመታት ያስፈልጉታል። ሰፈር በፈረሰ ቁጥር ያ የዓመታት ሥራ አብሮ ይፈርሳል። ከ2016 ዓ. ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት ፒያሳ፣ በ2017 ዓ. ም. ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርሱ፣ ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውረዋል። አሮጌ ቤት ሁሉ ይቆይ አንልም፤ በእነዚያ ቤቶች ውስጥ የነበረውን ችግር ከላይ ገልጸናልና። ነገር ግን የሚነሡት ሰዎች በእድራቸው በአንድነት ቢሰፍሩ፣ ሚኪሊላንድ ብዙ ዓመት የፈጀባትን ሥራ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ባላስፈለጋቸው ነበር።

ለጓደኞቻችን ለታሪክ ተማሪዎችም የምናሳስበው አለ። የእድር መዝገብ ማን መቼ እንደ ገባ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን ወዴት እንደ ሄደ የሚናገር የታሪክ ምንጭ ነው። ሰፈሩ ሲበተን መዝገቡ በአንድ ጸሐፊ ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ይቀራል፤ ጸሐፊው ሲሞትም ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዳችን በምናውቀው ሰፈር፣ በእድሩ ዳኞች ፈቃድ፣ እነዚህን መዛግብት ገልብጠን በዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ብናስቀምጥ፣ የአዲስ አበባን ታሪክ ወደፊት ለሚጽፉ ሰዎች ታላቅ እርዳታ ይሆናል። ሥራው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜው ግን አጭር ነው።