አሮጌ ፎር ዊል ድራይቭ መኪናን በአነስተኛ ወጪ ከፍ ማድረግ፦ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀቱ ጋብ በሚልበት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብዙ ቤተሰቦችና የሥራ ባልደረቦች የዕረፍት ቀናቸውን በበረሃ ያሳልፋሉ። በዚህ ወቅት ዕድሜያቸው ሃያና ሠላሳ ዓመት የተሻገረ የቶዮታ ላንድክሩዘርና የኒሳን ፓትሮል መኪኖች ከአዲሶቹ ጎን ለጎን በአሸዋው ላይ ይታያሉ። ጠንካሮች ናቸው፤ መለዋወጫቸውም በቀላሉ ይገኛል። ስለዚህ ከደመወዙ ቆጥቦ መኪና የሚገዛ ሠራተኛ ቢመርጣቸው አያስገርምም።

መኪናው ከተገዛ በኋላ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ ከፍ ማድረግ ነው። ይህም የመኪናውን አካል ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኘውንና ንዝረትን የሚውጠውን ክፍል፣ ማለትም ሰስፔንሽኑን፣ በረጃጅም ሞላዎችና ሾክ አብዞርበሮች መተካት ማለት ነው። ሥራው በአግባቡ ከተከናወነ ጠቃሚ ነው። ያለ ዕቅድ ከተከናወነ ግን የቁጠባን ገንዘብ ያባክናል፤ የተሳፋሪዎችንም ደኅንነት አደጋ ላይ ይጥላል።

ይህ ጽሑፍ ቶዮታ ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለገበያ ያቀረበውን ባለ 80 ላንድክሩዘር በምሳሌነት ይወስዳል። መኪናው ከፊትም ከኋላም በአንድ ወጥ አክስልና በሞላ የተሠራ ስለሆነ አብዛኛው ምክር በዚያው ዘመን ለተሠሩት የፓትሮል ሞዴሎችም ያገለግላል። ባሌስትራ ያላቸው የሥራ መኪኖች እንዲሁም የፊት ጎማዎቻቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ሞዴሎች ግን የተለየ አሠራር ይፈልጋሉ።

ከፍታ የሚሰጠውና የማይሰጠው

ረጅም ሞላ የመኪናውን አካል ከአክስሉ ያርቃል። በዚህም የፊትና የኋላ መከላከያዎቹ ከአሸዋ ክምርና ከድንጋይ ይርቃሉ፤ ጎማውም ወደ ላይና ወደ ታች ለመንቀሳቀስ ሰፊ ቦታ ያገኛል። ይሁን እንጂ አክስሉ ራሱ ከመሬት ያለው ርቀት በሞላ አይለወጥም። የመኪናው ዝቅተኛ ክፍል የሆነው የዲፍረንሻሉ እብጠት ከፍ የሚለው ትልቅ ጎማ ሲገጠም ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ ይህን በግልጽ ያሳያሉ። 275/70/16 የሚባለው ጎማ ዲያሜትር 79 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን፣ በብዛት የሚተካው 285/75/16 ደግሞ 83 ሴንቲሜትር ከግማሽ ገደማ ነው። አክስሉ ከፍ የሚለው በልዩነቱ ግማሽ ስለሆነ ትርፉ ከ2 ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። በአንጻሩ የፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በ5 በመቶ ገደማ ያነሰ ያነባል። መለኪያው ቀድሞ ትክክለኛ ከነበረ፣ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ መኪናው የሚጓዘው በ126 ገደማ ነው። በራዳር ካሜራ ቁጥጥር በሚደረግባቸው አውራ ጎዳናዎች ላይ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

በአሸዋ ላይ መኪና እንዲሄድ የሚያደርገው ዋናው ነገር ደግሞ ከፍታ ሳይሆን የጎማ አየር ነው። ብዙ አሽከርካሪዎች ወደ አሸዋው ከመግባታቸው በፊት አየሩን ወደ 15 ፒኤስአይ አካባቢ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ወደ አስፋልት ሲመለሱም መልሰው ይሞላሉ። የአየር መለኪያና አነስተኛ ኮምፕሬሰር ዋጋቸው ከአንድ ሙሉ የሰስፔንሽን ጥቅል ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢ እነዚህ ሊሆኑ ይገባል።

በመጀመሪያ ያለውን መለካት

ለሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሞላ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቁመቱ ወርዷል። ባለቤቱ ይህን ሳያውቅ የ5 ሴንቲሜትር ከፍታ ገዝቶ፣ ከተገጠመ በኋላ መኪናው ከጠበቀው በላይ ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ስለሆነም መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ፣ ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ጎማዎች መለካትና መመዝገብ ያስፈልጋል። ልኬቱ ከመሬት ቢጀምር የጎማው አየርና የጎማው መበላት ውጤቱን ያዛባሉ። ግራና ቀኙ የሚለያይ ከሆነ የደከመ ወይም የተሰበረ ሞላ ሊኖር ይችላል።

በዚሁ ጊዜ ሾኮቹ ዘይት እንደሚያፈሱ፣ የአክስል ክንዶቹ ጎሚኒዎች እንደተሰነጠቁ፣ የጎማ ኩሽኔታዎችና የመሪ ማያያዣዎች እንደላሉ ይመርመር። አንዳንድ ባለቤቶች ከዚህ ምርመራ በኋላ የሚያስፈልጋቸው ከፍታ ሳይሆን በፋብሪካው ልክ የተሠራ አዲስ ሞላና ሾክ ብቻ መሆኑን ይረዳሉ። ወርዶ የነበረው መኪና ወደ ቁመቱ ሲመለስ ያጣው ብቃት አብሮት ይመለሳል።

ሦስት አማራጮች

የመጀመሪያውና ርካሹ በነባሩ ሞላ ላይ ወፍራም ቀለበት ማስገባት ነው። ቀለበቱ መኪናውን ከፍ ያደርጋል፤ የደከመውን ሞላ ግን አያበረታም፤ የመሸከም አቅሙንም አይጨምርም። ነባሩ ሾክ ካልተለወጠ ደግሞ ጎማው ወደ ታች ሲወርድ ርዝመቱ አልቆ ይመታል። ጥሩ ይዞታ ባለው ሞላ ላይ ጥቂት ዝንባሌን ለማስተካከል ካልሆነ በቀር ለአሮጌ መኪና የሚመከር አይደለም።

ሁለተኛው 5 ሴንቲሜትር ወይም 2 ኢንች ገደማ የሚያነሳ፣ አራት ሞላዎችንና ርዝመታቸው ከሞላዎቹ ጋር የሚስማማ አራት ሾኮችን የያዘ ሙሉ ጥቅል ነው። እንደ ኦልድ ማን ኢሙ፣ አይረንማንና ዶቢንሰንስ ያሉ የአውስትራሊያ አምራቾች ለዚህ መኪና ይህን መሰል ምርት ያቀርባሉ። በአነስተኛ በጀት ለሚንቀሳቀስ ባለቤት ወጪና ጥቅም የሚመጣጠኑት እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው 10 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ማንሳት ነው። በዚህ ደረጃ የአክስል ክንዶችን፣ የፍሬን ቱቦዎችን፣ አክስሉን ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘውን ዘንግ፣ አንዳንዴም የካርዳን ዘንጉን መለወጥ ግድ ስለሚሆን ወጪው ከሞላዎቹ ዋጋ በእጅጉ ያልፋል።

የመገልበጥ አደጋም ከፍታን ተከትሎ ያድጋል። መኪና ወደ ጎን መገልበጥን የመቋቋም አቅሙ በቀላሉ ሲሰላ፣ በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ እጥፍ ይካፈላል። ለምሳሌ ያህል ርቀቱ 1.60 ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ ከፍታም 0.80 ሜትር ቢሆን ውጤቱ 1.0 ነው። ማዕከሉ በ5 ሴንቲሜትር ከፍ ቢል ወደ 0.94፣ በ10 ሴንቲሜትር ከፍ ቢል ደግሞ ወደ 0.89 ይወርዳል። በአሸዋ ክምር ጎን ላይ አግድም ለሚነዳ ሰው ይህ ልዩነት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በፖርቶ መጋላ ላይ የሚጫን ስኮርታ ጎማና ውኃም ሁኔታውን ያባብሰዋል።

ሞላን በጭነት መምረጥ

ሻጮች አንድ ዓይነት ከፍታ የሚሰጡ፣ ጥንካሬያቸው ግን የሚለያይ ሞላዎች አሏቸው። ምርጫው መመሥረት ያለበት በዓመት አንድ ጊዜ በሚጫነው ዕቃ ላይ ሳይሆን መኪናው ዘወትር በሚሸከመው ክብደት ላይ ነው። የብረት መከላከያና ዊንች የሌለው መኪና ለከባድ ጭነት የተሠራ ሞላ ቢገጠምለት ይነጥራል፤ ከሚፈለገው በላይም ከፍ ይላል። ዘወትር የሚጫን መኪና በቀላል ሞላ ቢሠራ ደግሞ ኋላው ይወድቃል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ቋሚውን ጭነት በኪሎ ግራም ዘርዝሮ ለሻጩ ማቅረብ ተገቢ ነው።

አብረው የሚመጡ ሥራዎች

መሪ፦ መሪው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ልክ ካስተር ይባላል። በፍጥነት ሲነዳ መኪናውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው፣ መሪውንም ከመታጠፊያ በኋላ ወደ መሐል የሚመልሰው እሱ ነው። በባለ 80 ላንድክሩዘር ላይ የ5 ሴንቲሜትር ከፍታ ካስተሩን በ2 ዲግሪ ገደማ ይቀንሰዋል። ካልተስተካከለ መኪናው በአውራ ጎዳና ላይ ይዋልላል። መፍትሔው በፊት አክስል ክንዶች ላይ ቀዳዳቸው ከመሐል የወጣ ልዩ ጎሚኒዎችን ወይም ማስተካከያ ሳህኖችን መግጠምና ከዚያ በኋላ አላይመንት ማሠራት ነው።

ፍሬን፦ በብዙዎቹ የዚህ መኪና ሞዴሎች ላይ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ አለ። ቫልቩ ጭነቱን የሚያውቀው በመኪናው ኋላ ከፍታ ነው። ኋላው ዝቅ ሲል ለኋላ ፍሬኖች የሚደርሰውን ግፊት ይጨምራል፤ ከፍ ሲል ይቀንሳል። ሞላው ተለውጦ ቫልቩ ሳይስተካከል ከቀረ፣ መኪናው ቤተሰብና ዕቃ ጭኖ እየሄደም እንደ ባዶ ሊቆጥረው ይችላል፤ መኪናውን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀትም ይረዝማል። ማስተካከያው ብዙ ወጪ የሌለው ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነውና ባለቤቱ መካኒኩን በስም ጠርቶ ሊጠይቀው ይገባል። የፍሬን ቱቦዎቹም አክስሉ እስከ መጨረሻው ሲወርድ እንዳይወጠሩ ይታዩ።

ጎሚኒዎች፦ አዲሶቹ ብሎኖች በመጨረሻው ጥንካሬ መታሰር ያለባቸው መኪናው በጎማዎቹ ቆሞ ክብደቱን ከተሸከመ በኋላ ነው። በክሪክ ተነሥቶ ሳለ ከታሰሩ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳል።

ሕግና የጋራዥ ቋንቋ

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ያለ ፈቃድ በተሽከርካሪ ሞተር ወይም ሻንሲ ላይ ለውጥ ማድረግ የገንዘብ ቅጣትና የጥፋት ነጥብ ያስከትላል፤ መኪናው እስከ መያዝም ሊደርስ ይችላል። አሮጌ መኪኖች የምዝገባ ካርዳቸውን፣ ሙልኪያቸውን፣ ለማሳደስ በየዓመቱ በቴክኒክ ምርመራ ያልፋሉ። በሌሎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮችም ከመግዛት በፊት የትራፊክ ጽሕፈት ቤቱን ወይም የምርመራ ጣቢያውን፣ እንዲሁም የመድን ድርጅቱን መጠየቅ ይገባል። ፈቃድ የተገኘለትን ለውጥ በጽሑፍ መያዝም ከክርክር ያድናል።

ከጋራዥ ጋር ለመነጋገር ጥቂት ቃላት ይረዳሉ። በሳዑዲ ዓረቢያ ጋራዦች ሞላዎች «ያያት»፣ ሾኮች «ሙሳዒዳት»፣ ጎሚኒዎች «ጁለብ»፣ አላይመንት ደግሞ «ወዝን አዝሪዓ» ይባላሉ። ዋጋ ሲጠየቅም የዕቃው፣ የመግጠሚያው፣ የካስተር ማስተካከያውና የአላይመንቱ ሒሳብ ተለያይቶ በደረሰኝ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ይመረጣል።

ገንዘቡን በቅደም ተከተል ማዋል

በጀቱ ውስን ለሆነ ሰው ተገቢው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ፍሬን፣ መሪ፣ ኩሽኔታና ጎሚኒ ይጠገኑ። ቀጥሎ የተመረተበት ጊዜ ታይቶ ጥሩ ጎማ፣ ከአየር መለኪያና ከኮምፕሬሰር ጋር ይገዛ። ከዚያም ለቋሚው ጭነት የሚስማማ የ5 ሴንቲሜትር ሙሉ ጥቅል ከካስተር ማስተካከያው ጋር ይገጠም። ገንዘቡ ለሦስተኛው ደረጃ ባይበቃ፣ ግማሽ ሥራ ከማሠራት ይልቅ መኪናውን በፋብሪካው ከፍታ ማቆየት ይሻላል። ይዞታው የተጠበቀ ባለ 80 ላንድክሩዘር አየሩ በተቀነሰ ጎማና በረጋ አነዳድ በፋብሪካው ከፍታም የበረሃ ጉዞን ይወጣል። ፍሬኑ ያልተስተካከለ ከፍ ያለ መኪና ግን አሸዋውን ቢሻገርም፣ ቤተሰብ ጭኖ በሚመለስበት አውራ ጎዳና ላይ ለተሳፋሪዎቹም ለሌሎችም አደጋ ነው።