አክተር አይሞትም

በርካሽ የተሠሩ አሮጌ ፊልሞችን የሚወዱ ሰዎች በሌላው ዓለም ብዙ ናቸው። የሚወዷቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊስቁባቸው ነው። የካርቶኑ ግድግዳ ሲወዛወዝ፣ ከንፈር ከድምፅ ቀድሞ ሲከደን፣ የሞተው ሰው ዓይኑን ሲያርገበግብ ማየት ያዝናናቸዋል። እኔ እነዚህኑ ፊልሞች ያየሁት ማንም በማይስቅበት ቤት ነው፤ ወረታ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ የጭቃ ግድግዳው በብርድ ልብስ በተጋረደ ቪዲዮ ቤት ውስጥ። የአገራችን የሲኒማ ታሪክ ሲነገር «ሂሩት አባቷ ማን ነው?»ን፣ «ጉማ»ን፣ የአዲስ አበባንም ሲኒማ ቤቶች ያነሣል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን የተመልካች ታሪክ የሚባል ሌላ ታሪክ አለ፤ እሱን የጻፈው ሰው እምብዛም ነው።

ወደ ፎገራ ሜዳ ከሩቅ ምሥራቅ ሦስት ነገሮች መጥተዋል። አንደኛው መንገድ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1971 ቤጂንግን ከጎበኙ በኋላ ቻይና በሰጠችው ብድር፣ በደርግ ዘመን፣ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አልፎ ወልድያ የሚገባው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ተሠራ። ወረታም ከባሕር ዳር ጎንደር የሚያልፈው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ብቻ መሆኗ ቀርቶ የመንገድ መገናኛ ሆነች። ሁለተኛው ሩዝ ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ አስዘሩ፤ ክረምት ክረምት የርብና የጉማራ ውኃ የሚተኛበት ሜዳም ለከብት ግጦሽ ብቻ መሆኑ አበቃ። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው የሩዝ ዘር እስከ ዛሬ የዚያን መንደር ስም ይዞ ይኖራል። ሁለቱም በመንግሥታት ስምምነት የመጡ ናቸውና መዝገብ አላቸው። ሦስተኛው የካራቴ ፊልም ነው። እሱ ያለ ስምምነትና ያለ መዝገብ፣ በሹፌርና በነጋዴ ሻንጣ፣ የኮፒ ኮፒ ሆኖ በካሴት ገባ።

እንዲህ ሩቅ ሊጓዝ የቻለው ርካሽ ስለነበረ ይመስለኛል። ብሩስ ሊን ያስጠራው «ቢግ ቦስ» እ.ኤ.አ. በ1971 ታይላንድ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የተቀረፀ ሲሆን የወጣበትም 100 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ በፊት በ1964 ሰርጂዮ ሌዎኔ «አንድ እፍኝ ዶላር»ን 200 ሺህ ዶላር ገደማ በምትሆን ገንዘብ ስፔን በረሃ ውስጥ ሠርቷል፤ ታሪኩንም ከጃፓናዊው ኩሮሳዋ ፊልም ከ«ዮጂምቦ» አንሥቶ በፍርድ ቤት ተከስሶበታል። በዚያ ዘመን የጣሊያኖቹ ካውቦይም ሆነ የሆንግ ኮንጉ ካራቴ ድምፁ የሚቀዳው ምስሉ ካለቀ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። ገና ከመሠረቱ ድምፁ ከከንፈሩ ጋር አልተጋባም ማለት ነው። እንግዲህ ቋንቋው ባይገባን ምን ይጎድልብናል? በማንኛውም አገር ያለ ተመልካች እኩል ነው።

የእኛ ቪዲዮ ቤት ደግሞ የራሱ ተርጓሚ ነበረው። እንግሊዝኛው ከእኛ እምብዛም የማይሻል አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ያስረዳል። የገባውን ይናገራል፤ ያልገባውንም ይናገራል። በበሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ፣ ውስጥ አራት አግዳሚ፣ መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። በገበያ ቀን ከቁሐር ሚካኤልና ከሌሎች ቀበሌዎች የመጡ ጎረምሶች ዱላቸውን ጥግ አስደግፈው ይቀመጣሉ። ዋናው ባለታሪክ «አክተሩ» ነው። አክተር ደግሞ አይሞትም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፤ አውቆም ይጨነቃል።

መጨረሻው እየታወቀ የሚያስጨንቅ ታሪክ እንዴት ይኖራል የሚል ቢኖር፣ ሰኔ 12 ቀን ቁሐር ሚካኤል ሄዶ ቢያዳምጥ ይገባዋል። በዚያ ቀን ከድርሳነ ሚካኤል የባሕራን ታሪክ ይነበባል። አንድ ክፉ ባለጠጋ፣ ሀብቱን የጎረቤቱ ሕፃን እንደሚወርሰው ይሰማል፤ ሕፃኑን ገዝቶ በሣጥን ዘግቶ ባሕር ይጥለዋል። እረኛ አግኝቶ ያሳድገዋል። ከዓመታት በኋላ ባለጠጋው ልጁን ያውቀውና «ይህን ደብዳቤ ያመጣውን ግደሉት» የሚል ወረቀት አስይዞ ወደ ገዛ ቤቱ ይልከዋል። ቅዱስ ሚካኤል መንገድ ላይ ያገኘዋል፤ ጽሕፈቱም ይለወጣል፤ ባሕራን ሞት በተጠራበት ቤት የባለጠጋውን ልጅ ያገባል። በየዓመቱ ይነበባል። ደብዳቤው እንደሚለወጥ የማያውቅ አሮጊት የለችም፤ ሆኖም ልጁ ወረቀቱን ይዞ መንገድ ሲጀምር ከንፈር የማትመጥ አሮጊት አላየሁም።

ሥዕሉም እንዲሁ ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ኃጥእ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይኑ። በጣና ዙሪያ፣ ለምሳሌ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ የግድግዳውን ሥዕል ያየ ሰው ማን ወዴት እንደሚመደብ ለማወቅ ጽሑፍ አያሻውም። ሰዓሊው ጥላና ርቀት አለመሣሉን ማንም እንደ ድህነት አይቆጥርበትም። በዚህ የሠለጠነ ዓይን ነው እንግዲህ ጎረምሶቹ የካርቶን ቤተ መቅደስና የጥጥ ጢም ያዩት። ጢሙ ጥጥ መሆኑን ማየት ተስኗቸው አይደለም። ጢሙ «ይህ ሽማግሌ ነው» ካለ ሥራውን ጨርሷል።

ከሁሉም የምንደጋግመው የሻው ወንድማማቾች ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣውን «የሻኦሊን 36ኛው ክፍል» ነበር። ወገኖቹ ያለቁበት ወጣት ደም ለመመለስ ወደ መነኮሳት ገዳም ይሸሻል። ደም መላሽ ለጎንደር ሰው አዲስ አይደለም፤ እኛን የያዘን ግን የፊልሙ መካከል ነው። እዚያ ለረጅም ጊዜ ጠብ የለም፤ ትምህርት ነው። ጀማሪው ምሳ ቤት ለመግባት ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ግንድ ረግጦ መሻገር አለበት፤ ከወደቀ ጦሙን ያድራል። ቀጥሎ እጁን ዘርግቶ ሁለት ባልዲ ውኃ ይዞ ይወጣል፤ ክንዱ ላይ ስለት ስለታሰረ እጁን ቢያወርድ የጎን አጥንቱን ይወጋዋል። ከዚያም ሌላው መነኩሴ በሚመታው የእንጨት ከበሮ ምት እየተከተለ በከባድ መዶሻ ደወል ይደውላል። አጠገቤ ይቀመጥ የነበረ የቁሐር ሚካኤል የዜማ ተማሪ ይህን ሲያይ ጉልበቱን በእጁ ይመታ ነበር። ቁራሽ ለምኖ፣ ውኃ ቀድቶ፣ እንጨት ለቅሞ፣ ምት ሲስት ተቆንጥጦ የሚማር ልጅ ነው። ተርጓሚያችንም ዋናውን መነኩሴ «የኔታ» ብሎ ነበር የሚጠራው፤ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላውቅም።

የልጁ መምህር ግን አንድ ቀን ይዘውት «አንተ፣ ዛሬም እዚያ ሰይጣን ቤት ስትዶለት ዋልህ?» አሉት። «የኔታ፣ እዚያም ያለው ተማሪ ነው» አላቸው፤ ተገረፈ። የአዲስ አበባን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤትም ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት እንደነበር ያነበብኩት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። መምህሩ ያን ታሪክ አንብበው አይመስለኝም፤ ቃሉ ግን ያው ነበር። በእርግጥ ሥጋታቸው ከንቱ ነው አልልም። ከትምህርት ቤት የቀረ፣ ለመግቢያ ብሎ እንቁላል የሰረቀ ብዙ ነው። ያላዩት ነገር ቢኖር፣ ልጆቹ እዚያ የሚያዩትን እንዲወዱ ቀድመው ያስተማሯቸው እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ነው።

ካሴቱ በሲዲ፣ ሲዲው በዲሽ ተተካ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የሚቆም ሰው አላስፈለገም። ፊልሞቹስ ባለቤት አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሴለስቲያል ፒክቸርስ የተባለ ኩባንያ ከ700 በላይ የሻው ፊልሞችን መብት ገዝቶ እያጠበና እያደሰ አወጣቸው። በወረታ የነበረው ቅጂ ግን፣ ከነጭረቱና ከነተርጓሚው ድምፅ፣ የትም አልተቀመጠም።

የታደሰውን «36ኛው ክፍል» በቅርቡ አየሁት። በመጨረሻው አካባቢ ሳን ቴ የተባለው መነኩሴ፣ ከገዳሙ ውጭ ላለው ተራ ሕዝብ የሚያስተምር አዲስ ክፍል እንዲከፈት ይጠይቃል። አለቃው የተቆጣ መስሎ ምጽዋት እንዲሰበስብ ወደ ውጭ ይሰደዋል፤ ቅጣት የሚመስለው ፈቃድ ነው። ከምስሉ ሥር የሚያልፈው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይህን በረጅሙ ይገልጸዋል። የወረታው ተርጓሚ እዚህ ሲደርስ «የኔታ ‘በል አኩፋዳህን አንሣና ለምነህ ብላ’ ብለው አሰናበቱት» ነበር ያለው። የዜማ ተማሪው ያን ጊዜ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።