ሥር፣ ቅዳ እና መልስ፤ የደም መርጋት ቃላት ታሪክ

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በአገራችን ረዥም ዕድሜ ካላቸው የዘመናዊ ሕክምና ተቋማት አንዱ ነው። መነሻውም ከዐድዋ ድል በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ጓድ የከፈተው ሆስፒታል ነው። ስሙን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት ግን በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ብርቱ የስትሮክ ሕመም ጥሏቸው፣ ሰውነታቸውና አንደበታቸው ታስሮ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ አልጋ ላይ ቆይተዋል። እቴጌ ጣይቱም ከሥልጣን ከተገለሉ በኋላ የቀድሞው ከተማቸው ወደ ነበረው እንጦጦ ወጥተው፣ በማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ኖረው በ1910 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

ይህን ማንሣታችን የቤተ መንግሥቱን ታሪክ ለመድገም አይደለም፤ ከሕመሙ ስም ጋር የተያያዘ የቃላት ጥያቄ ስላለ ነው። ሕዝቡ ይህን ሕመም በውጤቱ «ሽባነት» ሲለው፣ ተርጓሚው ብዙ ጊዜ «የአንጎል ደም ሥር መዘጋት» ብሎ ይጽፋል። ያው ተርጓሚ ደግሞ በእግር ውስጥ ደም ረግቶ እግሩ ያበጠውን ሰው ሕመም «የእግር ደም ሥር መዘጋት» ይለዋል። የመጀመሪያው ደም ከልብ ወደ አካል በሚወጣበት ቧንቧ ላይ የሚደርስ ነው፤ ሁለተኛው ደም ወደ ልብ በሚመለስበት ቧንቧ ላይ። ለሁለቱ አንድ «ደም ሥር» መዋሉ የቋንቋችን ድኽነት ነው ሲባል ኖሯል። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚቋጭ አይደለም።

የግእዙ «ሥርው» የዛፍንም ሥር፣ ጅማትንም፣ የደምንም መተላለፊያ ይይዛል። አማርኛም «ሥር» ሲል ይህንኑ ስፋት ወርሷል፤ «ደም» የሚለው ቅጽል የተጨመረው ከሌሎቹ ለመለየት ነው። ምስሉ ትክክል መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በምኒልክ ዘመን ገብቶ እንጦጦን ካለበሰው ባሕር ዛፍ አንዱን ግንድ ነቅሎ ያየ ሰው፣ ወፍራሙ ሥር እየተከፋፈለ እንደ ፀጉር እስኪቀጥን ድረስ መውረዱን ያውቃል። የደም ቧንቧዎችም አከፋፈላቸው እንዲሁ ነው።

ሁለቱን ቧንቧዎች በመለየት ግሪኮች ቀድመዋል፤ ሲለዩ ግን ስሕተት አብረው አስገቡ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የኖረው ፕራክሳጎራስ አንደኛው ደም፣ ሌላው መንፈስ ወይም አየር ይይዛል ብሎ አስተማረ። በአውሮፓ ቋንቋዎች ዛሬም የሚሠራበት «አርቴሪ» የተባለው ስም የአየር ቧንቧ ከሆነው ከጉሮሮ ስም ጋር አንድ የነበረ ነው። በ2ኛው መቶ ዓመት ጌለን በዚያ ቧንቧ ውስጥ ያለው ደም መሆኑን ቢያሳይም፣ ደሙ ዞሮ እንደሚመለስ የተረጋገጠው ዊልያም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 መጽሐፉን ካሳተመ በኋላ ነው። ስሙ ግን ከነስሕተቱ ቀረ።

እዚህ ላይ አማርኛ ዘግይቶ በመምጣቱ ተጠቅሟል። በትምህርት መጻሕፍትና በሕክምና ጽሑፍ የተለመዱት «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» የተፈጠሩት የሃርቪን ትምህርት በሚያውቁ ሰዎች በመሆኑ፣ በውስጣቸው የደም ዝውውር ታሪክ አለ። «ቀዳ» ከምንጭ ማውጣትንም ወደ ዕቃ ማፍሰስንም ይይዛል፤ ልብም የሚሠራው ይህንኑ ነው። «መልስ» ደግሞ ማብራሪያ አያሻውም። ይህ ጸሐፊ እንደሚመስለው፣ ከሕክምና ቃሎቻችን መካከል ከነዚህ ጥንዶች የተሻለ የተቀረጸ ጥቂት ነው። ጉድለታቸው አንድ ነው፤ «ሥር» የሚለውን የጋራ ቤተ ሰብ ስም ጥለው በመሄዳቸው፣ አንባቢው ሁለቱን የማይገናኙ ነገሮች አድርጎ እንዲያያቸው ያደርጋሉ።

«ረጋ» የሚለው ግስ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። ውሃ ሲቆም ረጋ እንላለን፤ ወተትም ሲጠጥር ረጋ እንላለን፤ «እርጎ» ከዚሁ የወጣ ነው። መቆምና መጠጠር በአንድ ግስ ተገናኝተዋል። የበርሊኑ ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኮው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አስከሬን እየመረመረ ስለ ደም መርጋት ጽፏል፤ በእርሱ ስም ከሚጠሩት ሦስት የመርጋት ምክንያቶችም አንዱ የደም ፍሰት መቆም ነው። ሌሎቹ የቧንቧው ግድግዳ መጎዳትና የደሙ ባሕርይ መለወጥ ናቸው። በስትሮክ ወድቆ የተኛ ሰው እግሩ ባለመንቀሳቀሱ በደም መልሱ ውስጥ ደም ሊቋጠር መቻሉ «ረጋ» ለሚለው ቃል የታወቀ ምሳሌ ነው። በደም ቅዳ ውስጥ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። እዚያ ደሙ አልቆመም፤ በኀይል ይሮጣል። በግድግዳው ላይ የተከማቸው ስብ ሲሰነጠቅ ፕላትሌቶች ይሰበሰቡና ደሙ ይጓጉላል። ስለዚህ «ረጋ» ለደም መልስ ሙሉ በሙሉ፣ ለደም ቅዳ ግን በከፊል ብቻ ይስማማል።

ሕክምናውም ሁለቱን ሕመሞች ለረዥም ጊዜ በተለያየ ክፍል አስቀምጧቸው ኖሯል። ይህን አከፋፈል ያናወጠው እ.ኤ.አ. በ2003 የጣልያን ሐኪሞች ያወጡት ጥናት ነው። ያለ ግልጽ ምክንያት በእግራቸው ደም ከረጋባቸው ሰዎች 47.1 በመቶ በሚሆኑት በአንገታቸው ደም ቅዳ ላይ የስብ ክምችት ተገኘ፤ የመርጋቱ ምክንያት በታወቀባቸው 27.4፣ ለማነጻጸሪያ በተወሰዱት ደግሞ 32 በመቶ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የዴንማርክ ጥናት የ20 ዓመት መዝገብ አገላብጦ፣ በእግራቸው ደም የረጋባቸው ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከእጥፍ በላይ መሆኑን፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት የልብ ድካምና የስትሮክ አደጋቸው ከ20 እስከ 40 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳየ። አንደኛው ሕመም ሌላውን ይወልዳል የሚል ማስረጃ ግን ይህ አይደለም። ዕድሜና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለሁለቱም የጋራ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ደም የመርጋት ዝንባሌም እንዲሁ። የሆነ ሆኖ «ደም ሥር» ብሎ ሁለቱን በአንድ ግንድ ላይ ያስቀመጠው የጥንቱ አጠራር ከታሰበው በላይ ቁም ነገር ይዞ ተገኘ።

አሁን ለተርጓሚው ወደሚከብደው ቦታ እንምጣ። «ደም ማቅጠኛ» የተባለው ስም በየመድኃኒት ቤቱ ይሰማል። ቃሉ ደምን ወፍራም አድርጎ መድኃኒቱ እንደሚያቀጥነው ያስመስላል፤ መድኃኒቱ ግን ደምን አያቀጥንም፣ መርጋትን ይከለክላል እንጂ። ከዚህ የከፋው፣ ቃሉ በአንድ ጊዜ ለዋርፋሪንም ለአስፒሪንም መዋሉ ነው። ዋርፋሪን ጉበት የሚሠራቸውን አርጊ ፕሮቲኖች ያዳክማል፤ በደም መልስ ለረጋ ደም የታወቀ ሕክምና ነው። አስፒሪን የፕላትሌቶችን መሰባሰብ ይከለክላል፤ ዋና ቦታው ደም ቅዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጡ ሁለት ጥናቶች አስፒሪን በደም መልስም የመርጋትን መመለስ በመጠኑ እንደሚቀንስ ቢያመለክቱም፣ የዋርፋሪንን ያህል ኀይል የለውም። ዋርፋሪን የታዘዘለት በሽተኛ ወረቀቱ ላይ «ደም ማቅጠኛ» የሚል ብቻ አንብቦ፣ መድኃኒቱ ባለቀበት ጊዜ ከጎረቤት አስፒሪን ቢወስድ ተመሳሳይ ነገር የወሰደ ይመስለዋል። እግሩ ውስጥ ያለው ጓል ተነቅሎ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። ሁለቱን አብሮ ቢወስድም የመድማት አደጋው ይጨምራል።

ስለዚህ በመዝገበ ቃላት ሥራ ላይ ላሉ ባልደረቦች የሚከተለውን ለውይይት እናቀርባለን። «ደም ሥር» የጋራ ስም ሆኖ ይቆይ፤ «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» በሥሩ ይግቡ፤ «የደም ሥር መዘጋት» የሚል ሐረግ የትኛው እንደሆነ ሳይነገር በበሽተኛ ወረቀት ላይ አይጻፍ። ለሂደቱ «መርጋት»፣ ለተፈጠረው ነገር «ጓል»፣ ከቦታው ለተነቀለው «ተጓዥ ጓል» ይባል። «ደም ማቅጠኛ» በንግግር ውስጥ ከሰው አፍ ይጠፋል ብለን አንጠብቅም፤ በጽሑፍ ግን ለዋርፋሪንና ለዘመዶቹ «ፀረ መርጋት»፣ ለአስፒሪንና ለመሰሎቹ «ፀረ ፕላትሌት» የሚሉት ቢተኩት ይሻላል። ለ«ፕላትሌት» አገርኛ ስም መፈለጉ ሌላ ጽሑፍ ይጠይቃል።