አልቃሽ የሌለው ሞት

ባለፈው ሰሞን አንድ ማታ፣ ስምንት ሆነን ሁለት አልጋ ላይ ተፋፍገን አንድ የፈረንጅ ፊልም አየን። ፊልሙ የቆየ ነው። «ፍራይደይ ዘ ሠርቲንዝ» ይባላል፤ እኛ «ዓርብ 13» እንበለው። ፈረንጆቹ ወሩ በገባ በ13ኛው ቀን ዓርብ ከዋለ ገደ ቢስ ቀን ነው ይላሉ። የፊልሙ ስም የገነነ ስለሆነ መብራት አጥፍተን፣ ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። ምን ዋጋ አለው! ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፍርሃቱ ቀርቶ ቆጠራ ጀመርን። «ቀጥሎ የሚሞተው ማነው?» እያልን በሻይ ተወራረድን። እኔም ሁለት ሻይ አሸነፍኩ።

ፊልሙ ሲያልቅ፣ በዚያው ሰሞን የእኅቱን አርባ አውጥቶ ከአገር ቤት የተመለሰ አንድ ጓደኛችን «ለመሆኑ እነዚህ ልጆች እናት የላቸውም እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ግን ሌሊቱን ሙሉ አልለቀቀኝም። ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው ለእሱ መልስ ፍለጋ ነው፤ መልሱም ያለው ፊልሙ በተሠራበት ታሪክ ውስጥ ይመስለኛል። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። በ1960 አልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» የተባለውን ፊልም ያወጣው፣ ስመ ጥር ባለሙያ ሆኖ ሳለ፣ በ800 ሺህ ዶላር ገደማ፣ በጥቁርና ነጭ፣ በአብዛኛው ከቴሌቪዥን ዝግጅቱ ባመጣቸው ሠራተኞች ነበር። አንዲት ሴት መታጠቢያ ቤት ውስጥ በቢላዋ የምትገደልበት ትርኢት እስከ ዛሬ ይወራለታል። ይሁንና ሂችኮክ ሴትዮዋን ከመግደሉ በፊት ከ40 ደቂቃ በላይ አብረናት እንድንኖር አድርጓል። ገንዘብ ስትሰርቅ አይተናል፤ ስትጨነቅ፣ ስትጸጸት አይተናል። ከሞተችም በኋላ እኅቷና ወዳጇ የት ገባች ብለው ፍለጋ ይወጣሉ። ማለትም ሞቷ ሰው አጉድሏል።

በ1978 ደግሞ ጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን»ን አዘጋጀ። ወጪው ከ300 ሺህ ዶላር እምብዛም አይበልጥም። የገዳዩ ጭንብል እንኳ የአንድ ቴሌቪዥን ተዋናይ ፊት ተመስሎ የተሠራ የሱቅ መጫወቻ ነበር፤ ገዙና ነጭ ቀለም ቀቡት። ሙዚቃውንም ካርፔንተር ራሱ ደረሰው። ፊልሙ በአሜሪካ ብቻ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ፈረንጆቹ «ስላሸር» የሚሉት የፊልም ዓይነት፣ አንድ ገዳይ ስለት ይዞ ወጣቶችን አንድ በአንድ የሚፈጅበት ማለት ነው፣ እንደ ጉድ የተራባው ከዚህ በኋላ ነው። ገበያ ሲደራ አስመሳይ አይጠፋም።

የእኛም ፊልም ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። በ1979 ሾን ከኒንግሃም የተባለው አዘጋጅ «ቫራይቲ» በተሰኘው የፊልም ነጋዴዎች ጋዜጣ ላይ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። ማስታወቂያው «ዓርብ 13» በሚል ርእስ፣ ከእስከ ዛሬዎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራ ፊልም መምጣቱን ያበሥራል። ወዳጄ፣ ያኔ እኮ ፊልም የለም! ድርሰቱም ገና ተሠርቶ አላለቀም። የነበረው ርእስ ብቻ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው በርእሱ ሲሳብ፣ ደራሲው ቪክተር ሚለር ለስሙ የሚሆን ታሪክ አበጀ። ሚለርም የ«ሃሎዊን»ን ገበያ ተከትለው መነሣታቸውን አልደበቀም። ልጁ ሳይፀነስ ክርስትናው ተደገሰ ማለት ይህ ነው።

ፊልሙ በዚያው ዓመት መኸር ላይ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ በአንድ የልጆች መዝናኛ ሠፈር ተነሣ። ወጪው 550 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። የቆሰለና የታረደ ገላ አስመስሎ የሠራው ቶም ሳቪኒ በቪየትናም ጦርነት የጦር ሜዳ ፎቶ አንሺ የነበረ ሰው ነው። ያየውን ያውቃል። አልጋ ላይ የተጋደመ ወጣት ጉሮሮው በፍላጻ ሲበሳ የምናየው፣ ተዋናዩ ኬቨን ቤከን ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ፣ ራሱን በቀዳዳ አውጥቶ፣ ሰው ሠራሽ አንገትና ደረት ተገጥሞለት ነው። የደሙ ቱቦ ሲበላሽ አንዱ ረዳት በአፉ እየነፋ ደሙን አስፈናጠረው። በእውነቱ የእጅ ሥራው የሚናቅ አይደለም። ለአንገቱ ያን ያህል የተደከመለት ልጅ ግን ማን እንደ ነበር ሳናውቅ ሞተ።

ከሁሉ የምታሳዝነው አኒ ናት። ለሠፈሩ ልጆች ምግብ ልታበስል ተቀጥራ በእግሯና በለመነችው መኪና ስትጓዝ እናያታለን። ከልጆች ጋር መሥራት የቆየ ምኞቷ እንደሆነ ታወራለች። በእንግሊዝኛ ለልጅና ለፍየል ግልገል አንድ ቃል አለና፣ ሰዎች ልጆችን በዚያ ቃል ሲጠሯቸው እንደማትወድ ትናገራለች። በዚያው ጉዞ ላይ ጉሮሮዋ ይታረዳል። ሠፈሩ ሳትደርስ ቀረች። ከዚያ ወዲያ የምናያት ማስደንገጫ ሲፈለግ፣ ሬሳዋን ብቻ ነው። ልጆችን ግልገል አትበሉ ያለችውን ልጅ ፊልሙ ራሱ ግልገል አደረጋት።

እንዲህ እንዲህ እያለ የሟቾቹ ቁጥር 9 ይደርሳል። ፊልሙ ሊያልቅ 20 ደቂቃ ያህል ሲቀረው አንዲት ደግ የምትመስል ጎልማሳ ሴት ብቅ ትላለች። ወይዘሮ ቮርሂስ ትባላለች። በዚያው ሠፈር ወጥ ቤት ነበረች። በ1957 ልጇ ጄሰን ሐይቁ ውስጥ ሰጠመ፤ ሊጠብቁት የተቀጠሩት ወጣቶች ልብ አላሉትም ነበር። «ዛሬ የልደቱ ቀን ነው» ትላለች። ገዳይዋ እሷ ናት!

ጓደኛችን ለጠየቀው ጥያቄ እንግዲህ መልሱ ይኸውና። ፊልሙ ውስጥ እናት አለች፤ አንዲት። ያለቀሰችም እሷ ብቻ ናት። የሞተ ሰው ስም ከነልደቱ የምታስታውሰው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እርሟን ያላወጣችው፣ ያችው ነፍሰ ገዳይ ናት። ሙዚቃው ውስጥ በሹክሹክታ የሚደጋገመው ድምፅ እንኳ ሄሪ ማንፍሬዲኒ «ግደያት፣ እማዬ» ከሚለው አባባል ቆርጦ ያወጣው ነው። ሚለርም ለልጇ ስትል የምትገድል እናት መፍጠሩን ይወድለት ነበር። ታዲያ ይህን የመሰለ ሐዘን በእጁ ይዞ ሳለ፣ ማስታወቂያው የሚፈልገው ምሥጢርና ድንጋጤ ስለነበረ ሐዘኑን እስከ መጨረሻው ደበቀው። ሲያወጣውም ለማልቀስ ጊዜ አልቀረም፤ የእሷም አንገት ተቀነጠሰ። በሕይወት የተረፈችው አሊስ ሆስፒታል ውስጥ ነቅታ ሁሉም ሞተዋል ወይ ብላ ፖሊሱን ትጠይቃለች። አዎን ይላታል። በቃ! ለዚያ ሁሉ ሰው መርዶ ይኸው ነው። ወሬው ወዲያው ወደ ሰጠመው ልጅ፣ ማለትም ወደሚቀጥለው ፊልም ይዞራል።

ፊልሙ በግንቦት 1980 ሲወጣ፣ የቺካጎው ሃያሲ ጂን ሲስክል ሰው እንዳያየው ብሎ የገዳይዋን ማንነት በጋዜጣ ዘረገፈው። ሰው ግን ጎረፈ፤ በአሜሪካ ብቻ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ገባ። በ1981 ሁለተኛው ክፍል ተከተለ፤ እስከ 2009 ድረስ በዚህ ዘር 12 ፊልም ተሠራ። የሰጠመው ጄሰን ራሱ ገዳይ ሆኖ ተነሣ። ሚለር ይህን አልወደደውም። አሁን ልጁም አያስለቅስም።

የገንዘብ እጥረት ነው ያበላሸው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አይደለም፤ «ሃሎዊን» ከዚህ ባነሰ ገንዘብ ተሠርቷል። ጉድለቱ ሞቱን አስቀድሞ ሟቹን ማስከተሉ ነው።

ነገሩ የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስለን። እኛም በዚህች መጽሔታችን በምንጽፋቸው አጫጭር ልቦለዶች መጨረሻው ሲጠፋን ገጸ ባሕርያችንን መግደል ይቀናናል። እኔም ሁለቱን ገድያለሁ፤ አንዱን በመኪና፣ አንዷን በወሊድ። መርዶውን ማን እንደ ሰማ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። እንግዲህ ከመግደላችን በፊት የጓደኛችንን ጥያቄ እንጠይቅ፦ ይህ ልጅ እናት አለው? ካለው፣ ማን ሄዶ ይነግራታል?