የመልእክት አደራ በማን እጅ ነው? ኤክስ 25 ስለ ተባለው ደንብ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምታገለግሉ ሁሉ የመዝገብ ቤትን ሥርዐት ታውቃላችሁ። አንድ ደብዳቤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሄድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ተላላኪው ይዞት ሲደርስም ተቀባዩ በማስረከቢያው ደብተር ላይ ይፈርማል። ደብዳቤው ቢጠፋ በማን እጅ እንደ ጠፋ ከፊርማው ይታወቃል። ዛሬ የምናወጋችሁ ኮምፒዩተሮችን በዚሁ ዐይነት ሥርዐት ከመረብ ጋር ለማገናኘት ስለ ተደነገገው፥ ኤክስ 25 ስለ ተባለው ደንብ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኮምፒዩተሮች በሩቅ መነጋገር በጀመሩ ጊዜ የሚያገለግላቸው የስልክ መስመር ነበር። ነገር ግን የኮምፒዩተር ንግግር እንደ ሰው ንግግር ተከታታይ አይደለም፤ ጥቂት ይልክና ዝም ይላል፥ ቈይቶም እንደ ገና ይልካል። በዝምታው ጊዜ ሁሉ መስመሩ ለአንድ ደንበኛ ብቻ ተይዞ ያለ ሥራ ይቀመጣል፤ ሒሳቡ ግን ይቈጠራል። መፍትሔው የተገኘው በ1960ዎቹ ዓመታት ነው። በአሜሪካ ፖል ባራን በጦርነት ጊዜ የማይቋረጥ መገናኛ ሲፈልግ፥ በብሪታንያ ዶናልድ ዴቪስ ደግሞ ይህንኑ የመስመር ብክነት ለማስቀረት ሲያስብ፥ ሳይመካከሩ ወደ አንድ ሐሳብ ደረሱ። ይኸውም መልእክቱን በትናንሽ እሽግ ከፋፍሎ፥ የብዙ ደንበኞችን እሽግ በአንድ መስመር ላይ እያፈራረቁ መላክ ነው።

በዚህ ከተስማሙ በኋላ ግን ትልቁ ክርክር ተነሣ። እሽጉ በመንገድ ላይ ቢጠፋ ተጠያቂው ማን ነው? ክርክሩ በይበልጥ የጋለው በፈረንሳይ አገር ነበር። ሉዊ ፑዛን የተባለው መሐንዲስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲክላድ የሚባለውን የምርምር መረብ ከባልደረቦቹ ጋር ሠራ። በእርሱ ሐሳብ የመረቡ ተግባር እሽጉን ተቀብሎ እንደ ተቻለው ማሳለፍ ብቻ ነው። እሽጎቹ በልዩ ልዩ መንገድ ሊሄዱ፥ ተራቸው ሊዛባ፥ ሊጠፉም ይችላሉ። ቈጥሮ በተራ የማስተካከልና የጠፋውን ዳግመኛ የማስላክ ኀላፊነት በሁለቱ ዳርቻ ያሉት የላኪውና የተቀባዩ ኮምፒዩተሮች ነው። እንዲህ ብቻውን የሚጓዘው እሽግ ዳታግራም ተባለ።

በሌላው ወገን የአገሩ የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ቆመ። በመሥሪያ ቤቱ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ሬሚ ዴፕሬና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት ዘዴ አደራውን በመረቡ ላይ የሚጥል ነበር። በዚህ ዘዴ አስቀድሞ እንደ ስልክ ጥሪ ይደረጋል፤ ጥሪው ሲፈቀድም በሁለቱ ኮምፒዩተሮች መካከል በሐሳብ የተዘረጋ መስመር ይከፈታል፤ እሽጎቹም በተራቸው በዚያው ይጓዛሉ። በየጣቢያው ያለው መሣሪያ የደረሰውን መርምሮ፥ ስሕተት ቢያገኝ ከፊተኛው ጣቢያ እንደ ገና እንዲላክለት ያደርጋል፤ ትክክል ሆኖ ሲያገኘው ብቻ መቀበሉን ያሳውቃል። ይህ እንግዲህ የመዝገብ ቤቱ ፊርማ መሆኑ ነው። የዚያ ዘመን መስመር ጩኸትና ስሕተት የበዛበት ስለ ነበረ፥ ጥንቃቄው በቂ ምክንያት ነበረው።

በ1976 በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሥር የነበረው አማካሪ ኮሚቴ ይህን ዘዴ ኤክስ 25 በሚል ስም አጸደቀው። ቀጥሎም የአንዱን አገር መረብ ከሌላው አገር መረብ ጋር የሚያገናኝ ኤክስ 75 የተባለ ደንብ ወጣ። ለአድራሻም እስከ 14 አሃዝ የሚደርስ ቁጥር ተደነገገ፤ የመጀመሪያዎቹ 4 አሃዞች አገሩንና መረቡን ያመለክታሉ። በአሜሪካ ቴሌኔት፥ በካናዳ ዳታፓክ፥ በፈረንሳይም በ1978 መጨረሻ ሥራ የጀመረው ትራንስፓክ በዚሁ ደንብ አገለገሉ። በትራንስፓክ ክፍያው በርቀት የሚለያይ ስላልነበረ፥ በጠረፍ ከተማ ያለው ነጋዴ በፓሪስ ካለው እኩል ይከፍል ነበር። ሲክላድ ግን የመንግሥት ገንዘብ ተቋርጦበት ተዘጋ።

ትራንስፓክ ሚኒቴል የተባለውንም መሣሪያ ተሸከመ። በሚኒቴል አማካይነት ሚሊዮን ቤተ ሰቦች የስልክ ማውጫ ይመለከቱ፥ የባቡር ቦታ ይይዙ፥ እርስ በርሳቸውም ይጻጻፉ ጀመር። በሰኔ 1985 ግን ይህ ጭነት ከመጠን አልፎ መረቡ ወደቀ፤ በዚያው የሚሠሩ ድርጅቶችም አብረው ተቸገሩ። መረቡ እያንዳንዱን ጥሪ ሲከፍት፥ ሲከታተልና ሲዘጋ ስለሚውል፥ የጥሪው መብዛት ራሱ ሸክም ነበር።

በዚህ መካከል የተሸነፈው የፑዛን ሐሳብ ባሕር ተሻግሮ ነበር። አሜሪካውያኑ ቪንተን ሰርፍና ሮበርት ካን በ1974 ባወጡት ጽሑፍ መረቦችን የማገናኘት ዘዴ ሲያቀርቡ፥ ከሲክላድ ሥራ ብዙ ተምረው ነበር። አርፓኔት የተባለው የአሜሪካ መረብ በጥር 1 ቀን 1983 በዚህ ዘዴ መሥራት ጀመረ፤ ኢንተርኔትም በዚሁ ላይ ተመሠረተ። የብርሃን ኬብል ሲዘረጋ በመስመር ላይ የሚደርሰው ስሕተት እጅግ አነሰ፤ በየጠረጴዛው ያለውም ኮምፒዩተር ራሱ ቈጥሮ ለማረም የሚበቃ ሆነ። እንዲህ ሲሆን በየጣቢያው መመርመርና መፈረም ጥቅሙ ቀርቶ መዘግየት ብቻ ተረፈው። ፈረንሳይም በሰኔ 30 ቀን 2012 ሚኒቴልንና የትራንስፓክን የኤክስ 25 አገልግሎት በአንድ ቀን ዘጋች። በተከታዩ ዓመት በ2013 ፑዛን ከሰርፍ፥ ከካን፥ ከቲም በርነርስ ሊና ከማርክ አንድሪሰን ጋር የንግሥት ኤልሳቤጥን የምሕንድስና ሽልማት ተቀበለ።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ ኤክስ 25ን ያወጡትን ሰዎች ተሳሳቱ ብሎ መፍረድ አይገባም። በክፉ መንገድ ላይ የታመነ አገልግሎት ሰጥተዋል። ነገር ግን መንገዱ ከተስተካከለ በኋላ ያው ፊርማ እንዲቀጥል የሚያስገድድ ምክንያት አልነበረም። አደራው ግን አልቀረም፤ ዛሬም የጠፋ እሽግ ሲኖር የሚጠይቅ አለ፤ ጠያቂው በየመንገዱ የቆመው ዘበኛ መሆኑ ቀርቶ፥ መልእክቱ የሚመለከታቸው ላኪውና ተቀባዩ ራሳቸው ሆኑ እንጂ። በየጠረጴዛችን ፊርማ የሚጠብቅ ወረቀት ሲደርሰን፥ ይህ ፊርማ የተደነገገበት ምክንያት ዛሬም አለን? ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው።