ዞምቢስ ክሮኒክልስ

ዞምቢስ ክሮኒክልስ በ«ኮል ኦፍ ዲዩቲ፡ ብላክ ኦፕስ 3» የቪዲዮ ጌም ላይ የሚጨመር፣ ስምንት የቆዩ የዞምቢ ካርታዎችን አድሶ ያቀረበ ጥቅል ነው። ያዘጋጀው በካሊፎርኒያ የሚገኘው ትሬያርክ የተባለው ስቱዲዮ ሲሆን አሳታሚው አክቲቪዥን ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 2017 በመጀመሪያ ለፕሌይስቴሽን 4 ወጣ፤ የኤክስቦክስ ዋንና የኮምፒውተር ተጫዋቾች ያገኙት ከወር በኋላ፣ ጁን 15 ቀን ነው። ካርታዎቹ ከ2008 እስከ 2013 በወጡ ሦስት ጌሞች ውስጥ የነበሩ ናቸው። እድሳቱ የክፍሎቹን አቀማመጥና የመተላለፊያዎቹን መስመር በአብዛኛው እንዳለ ትቶ፣ መልካቸውንና የተጫዋቹን አቅም ለውጧል።

መነሻ

የዞምቢው ጨዋታ የተጀመረው ትሬያርክ በኖቬምበር 2008 ባወጣው «ወርልድ አት ዋር» ነው። ይህ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠራ የተኩስ ጌም ነው፤ ዋናውን ታሪክ ተጫውቶ የጨረሰ ሰው «ናክት ዴር ኡንቶተን» የሚባል ትንሽ ካርታ ይከፈትለት ነበር። ካርታው በአንድ የፈራረሰ የጦር ሕንጻ ውስጥ ባሉ ሦስት ክፍሎች የተወሰነ ነው። እንደ ምርቃት የተጨመረው ይህ ክፍል ያልተጠበቀ ተወዳጅነት አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ሦስት ተጨማሪ ካርታዎች ተከታትለው ወጡ፤ «ብላክ ኦፕስ» በ2010፣ «ብላክ ኦፕስ 2» ደግሞ በ2012 ሲወጡ የዞምቢው ክፍል ከጌሞቹ ዋና መሸጫዎች አንዱ ሆኖ ነበር።

የቆየ ካርታን የማደስ ልማድም በክሮኒክልስ አልተጀመረም። በኦገስት 2011 የወጣው «ሬዘሬክሽን» የተባለው ጥቅል ከአዲሱ «ሙን» ጋር አራቱንም የ«ወርልድ አት ዋር» ካርታዎች አድሶ ይዟል። ስለዚህ ክሮኒክልስ ውስጥ የሚገኙት ሦስቱ የ«ወርልድ አት ዋር» ካርታዎች ለሁለተኛ ጊዜ የታደሱ ናቸው።

የጨዋታው አሠራር

ተጫዋቹ አንድ ሽጉጥና 500 ነጥብ ይዞ ይጀምራል፤ እስከ አራት ሰው አብሮ መጫወት ይችላል። ዞምቢዎቹ በዙር እየመጡ በመስኮቶቹ ላይ የተመታውን ሳንቃ ነቅለው ይገባሉ። አንዱን ዞምቢ ሳይገድል የመታ ጥይት 10 ነጥብ ያስገኛል፤ ጭንቅላቱን መትቶ መግደል 100፣ በቢላ መግደል ደግሞ 130 ነጥብ አለው። የተነቀለውን ሳንቃ መልሶ መምታትም ነጥብ ያስገኛል። በነጥቡ የተዘጋ በር ይከፈታል፣ ግድግዳ ላይ በኖራ የተሣለ ጠመንጃ ይገዛል፣ ወይም 950 ነጥብ ተከፍሎ ከምሥጢራዊው ሣጥን በዕጣ የወጣው መሣሪያ ይወሰዳል። ከሁለተኛው ካርታ ጀምሮ ደግሞ መጠጥ እየሸጡ ልዩ ኃይል የሚሰጡ ማሽኖች ተጨመሩ። ዝነኛው «ጃገርኖግ» 2,500 ነጥብ ያስከፍላል፤ የጠጣው ሰው ብዙ ምት ይችላል።

ዙሮቹ ማለቂያ የላቸውም። በመጀመሪያው ዙር የአንድ ዞምቢ የጤና መጠን 150 ነው፤ እስከ ዘጠነኛው ዙር በየዙሩ 100 ይጨምርና 950 ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ በየዙሩ በ10 በመቶ ያድጋል። የተራ ጠመንጃ ጉልበት ግን አብሮ አያድግም። በዚህ ምክንያት ከፍተኛ ዙር መድረስ የሚፈልግ ተጫዋች ከመሣሪያው ይልቅ በእግሩ ይተማመናል፦ ሰፊ ቦታ መርጦ በክብ እየሮጠ ዞምቢዎቹን ከኋላው ያሰልፋል፣ አንድ ላይ ሲታፈጉለት ዞሮ ይተኩሳል፣ እንደገና ይሮጣል። ብቻውን ለሚጫወት በአንድ ጊዜ የሚመጡት ዞምቢዎች ከ24 አይበልጡም፤ ስለዚህ ሁሉንም ከኋላው ማሰለፍ የቻለ ሰው ከፊቱ የሚመጣበት የለም። የካርታው ቅርጽ፣ ማለትም የት ጠባብ የት ሰፊ እንደሆነ፣ የጨዋታው ዋና ጉዳይ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ስምንቱ ካርታዎች

ከ«ወርልድ አት ዋር» የተወሰዱት ሦስት ናቸው። «ናክት ዴር ኡንቶተን» ከላይ የተገለጸው የመጀመሪያው ነው፤ በመጀመሪያ ሲወጣ የመጠጥ ማሽን አልነበረውም፣ ሣጥኑም ከቦታው አይንቀሳቀስም ነበር። «ፌርሩክት» በበርሊን በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ተጫዋቾቹን ለሁለት ከፍሎ በተለያየ ወገን ያስጀምራቸዋል፤ የሚገናኙት ኤሌክትሪኩ ሲበራ ነው። «ሺ ኖ ኑማ» ረግረግ ላይ የቆመ የጃፓን ጦር ሰፈር ነው። በተከታታዩ ታሪክ ውስጥ የሚታወቁት አራቱ ገጸ ባሕርያት፣ ዴምፕሲ፣ ኒኮላይ፣ ታኬዎና ሪክቶፈን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት እዚህ ነው።

ከ«ብላክ ኦፕስ» አራት ተወስደዋል። «ኪኖ ዴር ቶተን» አሮጌ ቲያትር ቤት ነው፤ ሰፊ መድረኩ በክብ ለመሮጥ የተመቸ ስለሆነ ጀማሪዎች የሚለማመዱበት ሆኗል። «አሴንሽን» የሶቪየት የጠፈር መንኮራኩር ማስወንጨፊያ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ እስኪበራ ድረስ ሁሉም ነገር በጥቁርና ነጭ ይታያል፤ በየተወሰነ ዙር የሚመጡ ዝንጀሮዎች የመጠጥ ማሽኖቹን ያጠቃሉ፤ ማሽኑ የተሰበረበት ተጫዋችም ያገኘውን ኃይል ያጣል። «ሻንግሪ-ላ» በጫካ ውስጥ ያለ ቤተ መቅደስ ነው፤ መተላለፊያዎቹ ጠባቦች ስለሆኑ በክብ መሮጥ ከባድ ነው። «ሙን» በአሜሪካ ኤሪያ 51 ጀምሮ ጨረቃ ላይ ወዳለ ጣቢያ ይሻገራል፤ አየር በሌለበት ክፍል መተንፈሻ ልብስ ያስፈልጋል፣ ዝላዩም በዝቅተኛ የስበት ኃይል ምክንያት ይረዝማል።

ስምንተኛው «ኦሪጂንስ» ከ«ብላክ ኦፕስ 2» የመጣ ነው። በ1918 ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ ባለ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ላይ ይካሄዳል። ሦስት ግዙፍ ሮቦቶች ካርታውን እየረገጡ ያልፋሉ፤ ከእግራቸው ሥር የተገኘ ተጫዋች ይጨፈለቃል። የእሳት፣ የበረዶ፣ የመብረቅና የነፋስ በትሮችን ክፍል በክፍል ሰብስቦ መሥራት ካርታውን ከተከታታዩ ውስብስቦች አንዱ አድርጎታል።

የተጠበቀውና የተለወጠው

የእድሳቱ ሥራ የተሠራው በ«ብላክ ኦፕስ 3» የጌም ሞተር ነው። ግድግዳው፣ ጭቃው፣ ጭሱና ብርሃኑ እንደገና ተሠርቷል፤ በድሮው ኮንሶል ላይ በጨለማ የተሸፈኑ ማዕዘኖች በጥራት ይታያሉ። በሮቹ፣ ደረጃዎቹና መስኮቶቹ ግን በነበሩበት ስለሆኑ፣ ድሮ ካርታውን ያጠና ሰው መሮጫ መስመሩን ሳይፈልግ ያገኘዋል።

ጉልህ ለውጥ ያመጣው ከአዲሱ ጌም የመጣው አሠራር ነው። ተጫዋቹ እየሮጠ መሬት ላይ መንሸራተት ይችላል፤ ስለዚህ በድሮው ጌም ተከቦ የሚወድቅበትን ጠባብ ቦታ አሁን ሾልኮ ያልፈዋል። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የ«ብላክ ኦፕስ 3» ናቸው፤ እንደ ኤምፒ 40ና ኤስቲጂ 44 ያሉ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጠመንጃዎችም ተመልሰዋል። ከሁሉ በላይ ያነጋገረው «ጎብልገም» የሚባለው ማስቲካ ነው። ተጫዋቹ ከጨዋታው በፊት አምስት ዓይነት መርጦ ይገባና በካርታው ውስጥ ካለው ማሽን ያወጣዋል። ብርቅ የሆኑት ማስቲካዎች ያለ ክፍያ ኃይል እስከመስጠት ይደርሳሉ፤ እነሱን ለማግኘት የሚያገለግለው ፈሳሽም በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል። በዚህ የተነሣ በ2008 ከባድ የነበረ ካርታ በ2017 ቀሎ ተገኘ፤ ማስቲካውን ሳይነኩ መጫወትን እንደ ደንብ የያዙ ተጫዋቾችም አሉ።

ዋጋና ያልተካተቱ ካርታዎች

የጥቅሉ ዋጋ 29.99 ዶላር ነበር። ይህ በጊዜው ከአንድ ተራ የካርታ ጥቅል ዋጋ እጥፍ ሲሆን፣ የዓመቱን ጥቅል በቅድሚያ የገዙ ሰዎችም ለብቻው መክፈል ነበረባቸው። አራተኛው የ«ወርልድ አት ዋር» ካርታ «ዴር ሪዘ» ያልተካተተው «ዘ ጃይንት» በሚል ስም በ2015 ከ«ብላክ ኦፕስ 3» ጋር ታድሶ ስለወጣ ነው። ሣራ ሚሼል ጌላርና ዳኒ ትሬሆን የመሳሰሉ ተዋንያን የታዩበት «ኮል ኦፍ ዘ ዴድ»ና በአልካትራዝ እስር ቤት የሚካሄደው «ሞብ ኦፍ ዘ ዴድ»ም ከጥቅሉ ውጭ ቀርተዋል።

ከዚያ ወዲህ

ከክሮኒክልስ በኋላ ትሬያርክ ወደ ድሮ ካርታዎች የተመለሰው በሌላ መንገድ ነው። በ2018 ከ«ብላክ ኦፕስ 4» ጋር የወጣው «ብለድ ኦፍ ዘ ዴድ» የ«ሞብ ኦፍ ዘ ዴድ»ን እስር ቤት መነሻ አድርጎ አዳዲስ ክፍሎችና አዲስ ታሪክ ጨመረ። የ2020ው «ዲ ማሺነ» የ«ናክት ዴር ኡንቶተን»ን ሕንጻ ከመሬት በታች ባለ ሰፊ ቤተ ሙከራ አናት ላይ አስቀመጠው፤ «ሺ ኖ ኑማ»ም በ2022 በ«ቫንጋርድ» ውስጥ ተስፋፍቶ ቀረበ። በእነዚህ ሥራዎች የቆየው ቦታ ለአዲስ ካርታ መነሻ ሆኗል፤ ስምንት ካርታዎችን ከነቅርጻቸው በአንድ ላይ ያቆየው ግን ክሮኒክልስ ነው።