«ዳግም ድርደራ»፦ የክሪስታል ገጽ ለምን ከውስጡ ይለያል?

ቤቴል፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ አንዲት እናት በራቸው ላይ ተቀምጠው ነጠላ ሲቋጩ አያለሁ። ነጠላው ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ጫፉ ላይ የተቆረጡት የድር ክሮች ተበትነው ይንጠለጠላሉ። መሀሉን ድርና ማግ ይዞታል፤ ጫፉን ግን የያዘው የለም። እሳቸው ከክሮቹ ጥቂት ጥቂት ለይተው ጠምዘዝ ጠምዘዝ ያደርጉና ሁለቱን አንድ ላይ ይገምዷቸዋል። ክሩ ያው የመሀሉ ክር ነው፤ አቀማመጡ ግን ሌላ ሆነ።

በፊዚክስ «ሰርፌስ ሪኮንስትራክሽን» የሚባለውን ቃል ወደ አማርኛ ለማምጣት ስሞክር የረዳኝ ይህ ጫፍ ነው።

ሲሊከንን እንውሰድ፤ የስልካችን ቺፕ የሚሠራበትን ከፊል አስተላላፊ። በክሪስታሉ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም አራት ጎረቤት አለው፣ ከአራቱም ጋር ይተሳሰራል። ክሪስታሉን ቺፕ በሚሠራበት አቅጣጫ ብንቆርጠው፣ ላይ የቀረው አቶም ሁለት ጎረቤቶቹን ያጣል፤ ሁለት ትስስሮቹም ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ይህ ብዙ ኃይል የሚጠይቅ ሁኔታ ስለሆነ አቶሞቹ እንደተቆረጡ አይቆዩም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አቶሞች ይጠጋጋሉ፤ በመካከላቸው የነበረው 0.384 ናኖሜትር ርቀት ወደ 0.24 ገደማ ይወርዳል፤ ከተንጠልጣዮቹም አንድ አንዱን አገናኝተው ይቋጩታል። ገጹ በጥንድ አቶሞች ረድፍ ይሞላል፤ ተንጠልጣይ ትስስሩም በግማሽ ይቀንሳል። ድግግሞሹ በአንድ አቅጣጫ እጥፍ ስለሆነ «2×1» ይባላል።

አማርኛው ምን ይሁን? አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣው «መልሶ ግንባታ» ነው። እኔ አልቀበለውም። መልሶ ግንባታ ስንል የፈረሰው እንደነበረ መቆሙን እናስባለን፤ እዚህ ግን አቶሞቹ ወደነበሩበት አይመለሱም፣ አዲስ ቦታ ይይዛሉ። «የገጽ ቁጭት» ደግሞ ልቤን ይስበዋል፤ ችግሩ ቁጭት ሲባል ለብዙው አንባቢ ቀድሞ የሚታየው ጸጸቱ ነው። ስለዚህ ለስሙ «የገጽ ዳግም ድርደራ» እላለሁ። ድርድር ያላልኩት ከሽምግልናው ጋር እንዳይምታታ ነው። «መቋጨት»ን ግን ለግሱ አስቀርቼዋለሁ፤ ተንጠልጣይ ትስስር ይቋጫል።

ከድርደራዎቹ ሁሉ ብዙ ያደከመው በሌላ አቅጣጫ የተቆረጠው ሲሊከን ነው፤ «7×7» የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሽሊየር እና ፋርንስወርዝ በኤሌክትሮን ጨረር ድግግሞሹን አዩ፤ የአቶሞቹን አቀማመጥ ግን ጨረሩ ብቻውን አልነገራቸውም። ከሃያ ዓመት በላይ ግምት በግምት ላይ ተደረበ። ከዚያ ዙሪክ አጠገብ ባለው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ቢኒግ፣ ሮረር እና ባልደረቦቻቸው እጅግ የሾለ የብረት ጫፍ ገጹን ሳይነካ እንዲያስስ አደረጉ፤ ውጤቱንም በ1983 አሳተሙ። ምስሉን ያገኙት መሣሪያው የሣላቸውን መስመሮች አንድ በአንድ ደርድረው ነው። በእያንዳንዱ ተደጋጋሚ ክፍል አሥራ ሁለት ጉብታዎች፣ ማዕዘኖቹ ላይ ጉድጓድ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። በ1985 ጃፓናዊው ታካያናጊ እና ባልደረቦቹ ሙሉውን አቀማመጥ አቀረቡ፦ በእያንዳንዱ ክፍል 49 ይሆኑ ከነበሩት ተንጠልጣይ ትስስሮች 19 ብቻ ቀርተዋል። ቢኒግ እና ሮረር በ1986 የኖቤል ሽልማቱን ከኤርንስት ሩስካ ጋር ተካፈሉ።

ይህ ሁሉ የሚታየው አየር ፈጽሞ በወጣለት ዕቃ ውስጥ፣ በንጹሕ ገጽ ላይ ነው። አየር ከነካው ኦክስጅን ይሸፍነዋል። በዚሁ በ«7×7» አቅጣጫ የተቆረጠውን ሲሊከን በኬሚካል አዘጋጅተን በእያንዳንዱ ተንጠልጣይ ትስስር ላይ አንድ የሃይድሮጅን አቶም ብናስቀምጥ ደግሞ የሚቋጭ ነገር አይኖርም፤ የላይኞቹ አቶሞች እንደ ውስጠኞቹ ተሰልፈው ይገኛሉ።